ጃንሆይ የሰጧቸው ሁለት ቤቶች

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ብሪስቶል የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ በዚያው ሱመርሴት የሚባለውን የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ አውራጃ ሦስት ቀን ዞርኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ታሪክ ነውና መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ዌልስ ካቴድራል ነው (ዌልስ ስል ትንሿን ከተማ ነው፣ አገሩን አይደለም)። የካቴድራሉ ማማ ክብደት በዝቶበት መስመጥ ሲጀምር፣ ግንበኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1338 እስከ 1348 መቀስ የመሰሉ ግዙፍ ቅስቶች ከሥሩ አስገብተው ደገፉት። ዛሬ ጎብኚው የሚጎርፈው ያንኑ ድጋፍ ለማየት ነው። የቼዳር ገደልም ያምራል፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ የዓባይን በረሃ ላቋረጠ ሰው ብዙም አያስደነግጥ።

ባዝ ስደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከተማዋ እንደ አዲስ አበባችን በፍልውሃ ዙሪያ ያደገች ናት፤ ሮማውያን መታጠቢያ የሠሩበት ምንጭ አሁንም በ46 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልቃል። ከመሃል ከተማው ወደ ምዕራብ ወጣ ሲሉ ፌርፊልድ ሃውስ አለ። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1936 ገዝተው እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው።

ደጁ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስድስት ኪሎን ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እኛ ከክፍል ክፍል በምንሯሯጥበት በገነተ ልዑል ግቢ ነው። ሦስት ቀን ሕዝቡ ሲጨፈጨፍ የግቢው ባለቤት እዚህ፣ ከዚህ አረንጓዴ ኮረብታ ፊት ለፊት ነበሩ።

ፌርፊልድን እ.ኤ.አ. በ1958 ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡ። ገነተ ልዑልን ደግሞ፣ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ፣ ለዩኒቨርሲቲያችን ሰጡ። እኔ በዚያው በሰጡን ግቢ ቆሜ «መሬት ላራሹ» ብዬ ጮኬባቸዋለሁ። ዛሬም አልጸጸትበትም፤ ጥያቄው ትክክል ነበር። ግን ስንጮህ የቆምነው የት እንደሆነ፣ ቤቱንስ ማን እንደሰጠን፣ ያኔ አንዳችንም አላነሣንም። ባዝ ድረስ ሄጄ ማሰቤ ራሴንም አስገረመኝ።

ለንደን ያላችሁ የድሮ ጓደኞቼ፣ ከፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ቤቱ ሁልጊዜ ለጎብኚ ክፍት ስላልሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።