ውሃው ከአልጋው አጠገብ ይሁን

የእንጅባራ ሰዎች፣ የዳንግላ ሰዎች፣ እስቲ ጆሮ ስጡኝ። የማወጋችሁ ስለ ሐኪም እጅ ነው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 1847 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ሊጭኑ ገና 8 ዓመት ይቀራቸዋል። በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው፣ በሁለተኛው አዋላጆች ያዋልዳሉ። በሐኪሞቹ ክፍል እናቶች በወሊድ ትኩሳት እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። እዚያ ከምትገባ መንገድ ላይ መውለድን የመረጠችም ነበረች።

ኢግናዝ ሴመልዋይስ የተባለ ወጣት የሃንጋሪ ሐኪም ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። በዚያው ዓመት ወዳጁ ኮሌትሽካ አስከሬን ሲመረምር የተማሪ ቢላ ጣቱን ወጋው፤ ታመመ፣ ሞተ። ሕመሙ ከእናቶቹ ሕመም ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሴመልዋይስ ያን ጊዜ ገባው። ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል ተነስተው ወደ ምጥ አልጋ ይሄዱ ነበር፤ ሞቱን የሚያደርሰው የገዛ እጃቸው ነው። በክሎሪን ውሃ ሳይታጠቡ እንዳይገቡ አዘዘ። በኤፕሪል ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር፤ በጁን ግን የሞቱት 2 ያህል ብቻ ነበሩ።

ታዲያ አመሰገኑት? የለም። የሐኪም እጅ ይገድላል መባሉ ብዙዎቹን አስቆጣ። እሱም በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ፣ በተመረዘ ቁስል፣ በ47 ዓመቱ አለፈ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የተኛውን ሰው አስቡት። በጉሮሮው የመተንፈሻ ቱቦ፣ በደም ሥሩ መርፌ፣ በሽንት ፊኛው ካቴተር ገብቶለታል። እያንዳንዱ ለጀርም የተከፈተ በር ነው። ሲስተሯ የአንዱን አክታ መጥጣ ወደ ቀጣዩ አልጋ ስትሻገር፣ ጓንቷን ብትለውጥም እጇን ካላጸዳች ጀርሙ አብሯት ይሻገራል።

በፈረንጆቹ 2014 በታተመ ጥናት፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከታዩት 405 ባለሙያዎች የእጅ ንጽሕናን በአግባቡ የጠበቁት ከመቶ 16.5 ብቻ ነበሩ። ስንፍና ነው ብላችሁ ግን አትፍረዱ። ሥልጠና ያገኙት፣ በቂ ውሃና ሳሙና፣ የእጅ አልኮልም በቅርብ ያላቸው በተሻለ ይጠብቁ ነበር።

በአዊ ቤት እንግዳ ለማዕድ ሲቀመጥ ልጅ ተነስቶ ያስታጥበዋል እንጂ እንግዳው ውሃ ፍለጋ ጓሮ ለጓሮ አይዞርም። ለባለሙያውም እንዲሁ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት አንዱ የእጅ አልኮል ቀመር ኤታኖል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ግሊሰሪንና ንጹሕ ውሃ ነው፤ የሆስፒታል ፋርማሲ ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል። እጅ ላይ የሚታይ እድፍ ከሌለ በአልኮሉ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ይበቃል፤ ካለ ግን በውሃና በሳሙና መታጠብ ግድ ነው።

የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች፣ የአልኮሉ ጠርሙስ ከየአልጋው አጠገብ ይቀመጥ፤ ሲያልቅም በዕለቱ ይተካ። አስታማሚዎች፣ እናንተም ታማሚያችሁን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እጅዎን አጽድተዋል?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። ሐኪሙም አይቀየም፤ የጠየቀው ሰው የታማሚው ወገን ነው፣ የሥራውም አጋዥ።