ሱፐርኖቫ 1987ኤ፦ የላስ ካምፓናስ የፎቶግራፍ መስታወት

ትልቁ ጥቁር ነጥብ (ኔጋቲቭ ነውና ብርሃን ጠቁሮ ይወጣል) እየፈነዳ ያለ ኮከብ ነው። ኢያን ሼልተን ቺሊ ውስጥ በላስ ካምፓናስ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1987 ያስተዋለው ሲሆን፣ ያለበት ድንክ ጋላክሲ፣ ታላቁ የማጄላን ደመና፣ ከምድር 168,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ከ1604 ወዲህ እንዲህ ደምቆ የታየ ሱፐርኖቫ አልነበረም። ኮከቡ እንዴት እንደሞተ የሚመሰክረው ግን መስታወቱ ብቻውን አይደለም። ብርሃኑ ከመታየቱ ከሰዓታት በፊት በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ከመሬት በታች የነበሩ መመርመሪያዎች ኒውትሪኖ የተባሉ ሁለት ደርዘን ያህል ቅንጣቶችን መዝግበዋል። ብርሃን የሚወጣው የፍንዳታው ሞገድ ከኮከቡ ገጽ ሲደርስ ነው፤ ኒውትሪኖ ግን የኮከቡን አካል ሰንጥቆ ወዲያው ያመልጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ራሱ የኮከቡ እምብርት በገዛ ክብደቱ መደርመሱን ያሳያል።

ሁለት ደርዘን ቅንጣት ለእንዲህ ያለ ድምዳሜ አያንስም ወይ? ተበታትነው ቢመጡ ያንስ ነበር። ሆኖም በጃፓንና በአሜሪካዋ ኦሃዮ፣ እጅግ በተራራቁ ቦታዎች፣ በአንድ ወቅት ደረሱ፤ በእያንዳንዱ መመርመሪያም ከ15 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተመዘገቡ። ይህን ግጥምጥሞሽ ብሎ ማለፍ ይከብዳል። የበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የፈነዳው ሳንዱሊክ −69 202 ሰማያዊ ግዙፍ ኮከብ ነበር፤ ንድፈ ሐሳቡ ይጠብቅ የነበረው ደግሞ ቀይ ግዙፍ ነበር። ይህ በእርግጥ የከባድ ኮከቦች የሕይወት ታሪክ እንደገና እንዲመረመር አስገድዷል፤ ከሌላ ኮከብ ጋር ተዋህዶ ነበር የሚለው ማብራሪያም ብዙ ደጋፊ አለው። የእምብርቱን መደርመስ ግን አያፈርስም፤ ቀለም የሚናገረው ስለ ውጫዊው ሽፋን ነውና። በ2024 ይፋ የሆነው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ምልከታም በፍርስራሹ መሐል ከኤሌክትሮኖቹ የተወሰኑትን ያጣ አርጎን አግኝቷል፤ ለዚህ የሚበቃ ኃይል የሚሰጥ፣ ከተደረመሰው እምብርት የቀረ የኒውትሮን ኮከብ መኖሩንም ያመላክታል።