የግማሽ በመቶ ክርክርና የአንድ ምክር ቤት ፍጻሜ

የሕዝብ እንደራሴዎች ጉባኤ የሚፈርሰው ሁልጊዜ ከውጭ በመጣ ኃይል ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ጉባኤው ራሱ ሥልጣኑን ይጥላል፤ ሌላው የወደቀውን ያነሣል። ራይኽስታግ የተባለው የጀርመን ምክር ቤት ከ1919 እስከ 1933 ያሳለፈው ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1919 በቫይማር ከተማ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ21ኛው አንቀጽ፥ እንደራሴዎች የመላው ሕዝብ ወኪሎች እንደ ሆኑና ከኅሊናቸው በቀር ለማንም እንደማይገዙ ደንግጎ ነበር። የምርጫው ሕግ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይስብ ነበር። መራጩ ድምፁን የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ፓርቲው ላዘጋጀው የስም ዝርዝር ሲሆን፥ ለየ60,000 ድምፅ አንድ መቀመጫ ይገኝ ነበር። ስለዚህ እንደራሴው ባለዕዳ የሆነው ለመራጩ ሳይሆን ስሙን በዝርዝሩ ላሰፈረለት ፓርቲ ነው። ፓርቲዎቹም በአብዛኛው የየወገናቸው ጠበቆች ነበሩ፤ አንዱ የሠራተኛ ማኅበራት፥ ሌላው የኢንዱስትሪ ባለቤቶች፥ ሌላው የካቶሊክ ምእመናን።

በደጉ ዘመን ይህ ድክመት ተሸፍኖ ቆየ። በ1928 አምስት ፓርቲዎች በሶሻል ዴሞክራቱ በኸርማን ሙለር መሪነት መንግሥት መሠረቱ። በ1930 መጀመሪያ ግን የሥራ አጦች ቍጥር ከ3 ሚሊዮን በማለፉ የመድን ገንዘባቸው ጐደለ። ሶሻል ዴሞክራቶች መዋጮው ከ3.5 ወደ 4 በመቶ ይደግ አሉ፤ ለአሠሪዎች የቆመው የሕዝብ ፓርቲ ወጪው ይቀነስ አለ። የማእከል ፓርቲው ሃይንሪክ ብሩኒንግ ውሳኔውን የሚያዘገይ የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረበ። የሶሻል ዴሞክራት እንደራሴዎች ግን የገዛ ፓርቲያቸው ሚኒስትሮች አብዛኞቹ ቢደግፉትም፥ የማኅበራቱን ቃል ሰምተው ሐሳቡን ጣሉት። በዚያው ዕለት፥ ማርች 27 ቀን 1930፥ መንግሥቱ ሥልጣኑን ለቀቀ።

የየወገኑ ምክንያት ለብቻው ሲታይ ከንቱ አልነበረም፤ የሥራ አጡ እንጀራም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ለወገን የተረፈው ክርክር ለጉባኤው አልተረፈም። በፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ከምክር ቤቱ ነጻ የሆነ መንግሥት አስቀድመው ይመኙ ነበርና በሩ ተከፈተላቸው። ብሩኒንግ በ48ኛው አንቀጽ፥ በአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ፥ መግዛት ጀመረ። በ1930 ምክር ቤቱ 98 ሕጎች ሲያወጣ ድንጋጌዎቹ 5 ነበሩ፤ በ1932 ሕጎቹ 5፥ ድንጋጌዎቹ 66 ሆኑ። በዚያ ዓመት ምክር ቤቱ የተሰበሰበው 13 ጊዜ ብቻ ነበር።

ሕዝቡም ሥራ ከፈታ ጉባኤ ፊቱን አዞረ። በሴፕቴምበር 1930 ምርጫ የሂትለር ፓርቲ ከ12 መቀመጫ ወደ 107 ዘለለ። በጁላይ 1932 ናዚዎችና ኮሚኒስቶች፥ እርስ በርሳቸው ጠላቶች ሆነው ሳለ፥ ከ608 መቀመጫዎች 319ኙን ያዙ። ይህ ለማፍረስ የሚበቃ፥ ለመሥራት ግን ከቶ የማይተባበር ብልጫ ነበር። ማርች 23 ቀን 1933፥ ኮሚኒስቶች በታገዱበትና የናዚ ጭፍሮች አዳራሹን በከበቡበት ሰዓት፥ ምክር ቤቱ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን በ444 ድምፅ ለሂትለር መንግሥት አስረከበ። የተቃወሙት 94ቱ ሁሉም ሶሻል ዴሞክራቶች ነበሩ። ድፍረታቸው የሚከበር ነው፤ ድምፃቸው ሊያድን ይችል የነበረው ጊዜ ግን አልፎ ነበር።

ለውድቀቱ የኢኮኖሚው ቀውስና የጦርነቱ ቂም ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ፓርቲ መኖሩም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ያለ ፓርቲ የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ፈቃድ አሰባስቦ ለውሳኔ ማቅረብ ያዳግታል። ጥፋቱ መስማማት እንደ ክህደት መቈጠሩ ነው። የ1949ኙ የምዕራብ ጀርመን ሕገ መንግሥት በ67ኛው አንቀጽ፥ ምክር ቤቱ ተተኪውን ሳይመርጥ መራሔ መንግሥቱን እንዳይሽር የደነገገው ከዚህ ተምሮ ነው። ለማፍረስ እጁን የሚያነሣ ሁሉ በምትኩ የሚያቆመውን አብሮ እንዲያቀርብ ተገደደ።