የክርስትና ስሟ ማን ነበር?

ድሮ ርስት የሚጠይቅ ሰው በዳኛ ፊት ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ይቆጥር ነበር። ርስት በናትም ባባትም ይወረሳልና ሴቶቹም ይቆጠራሉ። እኛ ቤት ግን ቆጠራው አንዲት የጎንደር ሴት ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ «እሷማ ስሟ ጠፋ» ይባላል።

ጠፍቶ ነው? በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሰው ኑዛዜና የመሬት ሽያጭ በየደብሩ መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ዳኛውና እማኙ በስም እየተጠሩ። ከነዚያ መጻሕፍት ከፊሎቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ለንደን ገብተዋል። በገጾቹ ላይ ሴቶች ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ያወርሳሉ።

ፈላጊን የሚያስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ጽሑፉ «በዘመነ ሉቃስ» ሊል ይችላል፤ ሉቃስ ግን በየአራት ዓመቱ ይመጣል። ስለዚህ ከንጉሡና ከአለቃው ስም ጋር ማስተያየት ግድ ነው። ሁለተኛ፣ እኛ በቤት ስሟ እንፈልጋታለን፤ ጸሐፊው ግን ብዙ ጊዜ በክርስትና ስሟ ነው የሚጽፋት። ወለተ ማርያም ደግሞ ስንቷ!

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ትውልድ የመቁጠሩም ነገር አብሮ ላላ። እኔም መሬት ልጠይቅባት አይደለም፤ ስም የለሽ መባሏ ከንክኖኝ ነው። እስካሁን አላገኘኋትም። ለክረምት አገር ቤት ስገባ አያቴን የምጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ እሷም ሳታመልጠኝ።