ዜና መዝገበ ሙታን ዘሀገረ እንግሊዝ

ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠች በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1837 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዝና በዌልስ የሚወለደውም የሚሞተውም በመንግሥት መዝገብ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ በፊት አጥቢያው ጥምቀትንና ቀብርን ይመዘግብ ነበር እንጂ በአብዛኛው ሰው በምን ሞተ ብሎ አይመረምርም ነበር። ወደ መዝገብ ቤቱም የሽሮፕሻየር ድኻ ልጅ የሆነ ዊልያም ፋር የሚባል ሐኪም ገባ፤ አርባ ዓመት ገደማም ሙታንን ሲቆጥር ኖረ። ቁጥሩም ብዙዎች ያላሰቡትን ነገር መሰከረ፤ ሞት ለሰው ለየብቻው የሚደርስ ዕጣ ብቻ ሳይሆን በአገር በአገሩ የሚለካ፣ የሰው እጅም ያለበት ነገር መሆኑን።

በ1842 ኤድዊን ቻድዊክ የሚባል የመንግሥት ሹም ስለ ሠራተኛው ሕዝብ ጤና ያወጣው ዘገባ ይህን ገልጦ አሳየ። በገጠሪቱ ራትላንድ የጨዋው ወገን አማካይ የሞት ዕድሜ 52፣ የቀን ሠራተኛው 38 ነበር። በወደቢቱ ሊቨርፑል ግን ጨዋው 35፣ ሠራተኛው 15 ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበል፤ የሊቨርፑል ጨዋ ከራትላንድ የቀን ሠራተኛ በ3 ዓመት ቀድሞ ተቀብሯል። ነገሩ የድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። አማካይ ዕድሜ ያታልላል ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ እውነትም አላቸው። ልጅ በበዛበት ከተማ ከሚቀበሩት ልጆች ይበዛሉና፣ በሽታው ባይብስ እንኳ አማካዩ ይወርዳል። ፋር ግን በየዕድሜው በሕይወት ያለውን ከሚሞተው ጋር አስተያይቶ የዕድሜ ሰንጠረዥ ሠራ። በዚህም በ1841 የተወለደ ልጅ በሰሪ 45 ዓመት፣ በለንደን 37፣ በሊቨርፑል 26 ይኖራል ተብሎ የሚጠበቅ ሆነ። ሒሳቡ ቢታረምም ገደሉ አልተደፈነም። በ1848 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግም በዓመት ከ1,000 ሰው ከ23 በላይ በሚሞትበት ስፍራ፣ ነዋሪው ባይጠይቅ እንኳ፣ የጤና ቦርድ እንዲቋቋም ፈቀደ።

ከሁሉ የከበደው ሙግት ግን ከራሱ ከፋር መጣ። በ1849 ኮሌራ ለንደንን በመታ ጊዜ፣ ከቴምዝ ውኃ ከ20 ጫማ በታች ከፍታ ባለው ሰፈር ከ10,000 ሰው 102 ሲሞት፣ ከ100 እስከ 120 ጫማ ከፍ ባለው 17 ብቻ ሞተ። ከዚህም ፋር ገዳዩ ከዝቅተኛው ምድር የሚወጣው ክፉ አየር ነው አለ። ቆላ ወርዶ በንዳድ መያዝን ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። አየሩ እንደ መልክዓ ምድሩ ከሆነ ደግሞ ሰው ምን ያደርጋል? መልሱ በ1854 ከደቡብ ለንደን ተገኘ። በዚያ ሁለት የውኃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ፣ ጎን ለጎን ላሉ ቤቶች ውኃ ያድሉ ነበር። የላምቤዝ ኩባንያ ከከተማው ፍሳሽ በላይ ካለው ወንዝ ይቀዳል፤ የሳውዝዋርክና ቮክስሆል ግን ከቆሸሸው። ሐኪሙ ጆን ስኖው ቤት ለቤት ጠይቆ ሲቆጥር፣ የቆሸሸውን ውኃ ከሚጠጡት ከ10,000 ቤት 315 ሞት፣ ከሌላው 37 አገኘ። አየሩም ከፍታውም አንድ ነበር፤ የተለየው ቧንቧው ነው። ስኖው በ1858 ሞተ፤ ፋርም ገና አሳቡን ጨርሶ አልተወም ነበር። በ1866 ግን ኮሌራ ተመልሶ ምሥራቅ ለንደንን ለይቶ መታ። ፋር ካርታውን ሲያይ ሞቱ ከአንድ ኩባንያ የውኃ መስመር ጋር ገጥሞ አገኘው። ኩባንያው ውኃው ሁሉ ተጣርቷል ሲል፣ ከነዋሪዎቹ ቧንቧ ውስጥ እባብ የሚመስል የወንዝ ዓሣ ወጣ። በማጣሪያ አሸዋ ያለፈ ውኃ ዓሣ ይዞ አይመጣም። ስለዚያ ዓመት ኮሌራ በጻፈው ዘገባ ፋር ክሱን ከአየሩ አንሥቶ በውኃው ላይ አደረገ።