አንድ ፋይል፣ ሁለት ማስተር

የድሮ ተማሪዎቼ፣ የቡድን ሥራ ስታቀርቡ የሦስታችሁን ስላይድ አንድ ላይ ስትለጥፉ ነጭ ጀርባ ላይ ነጭ ጽሑፍ የቀረባችሁ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? "አልተዘጋጃችሁም" ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ታሪኩን ላጫውታችሁ።

ፓወርፖይንትን የሠሩት ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን ናቸው፤ ፎርሶት በሚባል ትንሽ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ያኔ ሥራው ጥቁርና ነጭ ገጽ አትሞ በኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ማሳየት ነበር።

ማስተር ስላይድ ማለት እናት ገጽ ናት፤ እሷ ላይ ፊደሉን ብትቀይሩ ልጆቿ ሁሉ ይቀየራሉ። ችግሩ፣ ለረጅም ጊዜ አንድ ፋይል የሚይዘው አንድ ዲዛይን ብቻ ነበር። ከሌላ ፋይል የመጣ ስላይድ የራሱን መልክ ጥሎ የአዲሲቷን እናት ይለብሳል፤ በእጅ ነጭ የተቀባ ጽሑፍ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። በአንድ ፋይል ብዙ ማስተር የተፈቀደው በ2002ቱ ፓወርፖይንት ነው።

የእኛ ላብ ግን ገና በ97ቱ ላይ ነበር። ጥፋቱ የእናንተ አልነበረም፤ ዘግይቶም ቢሆን ይቅርታ። ዛሬ ስትለጥፉ "ኪፕ ሶርስ ፎርማቲንግ" በሉ፤ ስላይዱ እናቱን ይዞ ይመጣል።