ጦበቃ በወለጋ፦ በዲን ትምህርት ታሪክ የትውልድ ወሰን የት ይሰመር?

ስለ ወለጋ ሙስሊሞች የሚጻፉ የታሪክ ሥራዎች ዘመንን የሚከፍሉት ብዙውን ጊዜ በቤተ መንግሥት ነው፤ ከምኒልክ በፊትና በኋላ፣ አምስቱ የጣልያን ዓመታት፣ የኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ደርግ፣ ኢሕአዴግ። አከፋፈሉ ለመሬት፣ ለግብርና ለፍርድ ቤት ታሪክ ያገለግላል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲና የናኢባ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ሲደነግግ፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የሙስሊሞች በዓላት በመንግሥት ሲታወቁ በእርግጥ አንድ ነገር ተለውጧል። የዲን ትምህርትን ታሪክ በዚሁ ስንሰፍር ግን ዋናው ፍሬ ከመስፈሪያው ውጭ ይፈስሳል። አንድ ሸይኽ በንጉሡ ዘመን ኪታብ ቀርተው፣ በደርግ ዘመን ሲያስቀሩ ኖረው፣ በኢሕአዴግ ዘመን ወደ አኼራ ቢሄዱ የየትኛው ዘመን ዓሊም ናቸው?

ጥያቄው የወረቀት ብቻ አይደለም። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ «ነባር» እና «አዲስ» የሚሉት ቃላት በጀማዓው ዘንድ ክብደት አላቸው። ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን ከማን ቀራ፣ መስጊዱን ያቀናው የማን አባት ነው የሚባለው ኢማም ሲመረጥም፣ መድረሳ ሲሰየምም ይነሣል። በዚያን ጊዜ ታሪክ ጸሐፊ ያሰመረው መስመር ምስክር ሆኖ ይጠራል። ስለዚህ በምን ደንብ እንደምናሰምር አስቀድመን ማወቅ ይገባናል። ደንቡንም ከሩቅ መፈለግ የሚያስፈልገን አይመስለንም፤ የሐዲስ ዑለማእ ያቆዩልን የጦበቃ ስልት አለ።

ጦበቃ በሐዲስ ሊቃውንት አነጋገር በዕድሜና መሻይኽን በመገናኘት የሚቀራረቡ ሰዎችን የሚይዝ እርከን ነው። ትርጓሜው ሁለት እግር አለው፤ ዕድሜና መገናኘት። ሁለቱ ሲስማሙ ችግር የለም። ሲጣሉስ የትኛው ይበልጣል? መልሱ መምህራን ሁሉ በሚያውቁት በኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (ሞት 852 ሂ.) «ተቅሪቡ ተህዚብ» ውስጥ ይገኛል። ኢብኑ ሐጀር የሐዲስ አስተላላፊዎችን በ12 ጦበቃ ሲከፍሉ አምስተኛውና ስድስተኛው በዘመን አንድ ናቸው። አምስተኛው እንደ አል-አዕመሽ ያሉ፣ ከሶሓባ አንድ ወይም ሁለት ያዩ ታናናሽ ታቢዒዮች ናቸው። ስድስተኛው እንደ ኢብኑ ጁረይጅ ያሉ፣ ከእነዚያው ጋር በአንድ ዘመን የኖሩ፣ ነገር ግን ከሶሓባ አንዱንም መገናኘታቸው ያልጸና ናቸው። አል-አዕመሽ በ148፣ ኢብኑ ጁረይጅ በ150 ሂ. ሞቱ። ሁለት ዓመት ትውልድ አይለይም፤ የለያቸው መገናኘት፣ ሊቃእ ነው።

ከእርሳቸው ስድስት መቶ ዓመት በፊት የነበሩት ኢብኑ ሰዕድ (ሞት 230 ሂ.) ሌላ ትምህርት ትተውልናል። በ«ጦበቃት» ኪታባቸው ሶሓባን በቀዳሚነታቸው ካስቀመጡ በኋላ ወደ ከተሞች ይዞራሉ፤ መዲና፣ መካ፣ ጧኢፍ፣ የመን፣ ኩፋ፣ በስራ እያሉ ለየከተማው የራሱን ጦበቃ ይቆጥራሉ። ኩፋ ከመዲና በኋላ የተቆረቆረች ስለሆነች የመዲና ቁጥር አልተጫነባትም፤ የራሷ አንደኛ ጦበቃ ተሰጣት። ይህ ለወለጋ ከተሞች የሚበጅ መላ መሆኑን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ኢብኑ ሶላሕ (ሞት 643 ሂ.) ደግሞ መስመሩ እንደ ጥያቄው እንደሚለወጥ አስረድተዋል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በሶሓባነት ከታዩ ከአሥሩ በጀነት የተበሠሩ ጋር አንድ ጦበቃ ናቸው፤ በመቅደም ከታዩ ግን ከእነርሱ በብዙ እርከን ዝቅ ይላሉ። አንድ ሰው፣ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት መልስ። ተቃርኖ ግን የለበትም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የነጃሺ አስሐማ (ረ.ዐ.) ነው። ነጃሺ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ዘመን አምነዋል፤ ሙሃጂሮችን አስጠግተዋል፤ በሞቱም ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሩቅ ሰግደውባቸዋል። ነገር ግን አልተገናኙም። አዝ-ዘሀቢ (ሞት 748 ሂ.) በዚህ ምክንያት በአንድ ፊት ሶሓባ፣ በሌላ ፊት ታቢዒይ አድርገው አስቀምጠዋቸዋል። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) የሰለሙት በነጃሺ እጅ ነው የሚለውን ዘገባ ይዘው ዑለማእ ደረሳን የሚፈትኑበት እንቆቅልሽም ከዚሁ የተወለደ ነው፤ በታቢዒይ እጅ የሰለመ ሶሓባ ማን ነው? የአገራችን የእስልምና ታሪክ ገና ከመነሻው የትውልድን ወሰን የሚፈትን ሰው ይዞ ተነሣ ማለት ነው። አዝ-ዘሀቢ መስመሩን ለነጃሺ ክብር ብለው አላጠፉትም፤ ነጃሺንም ለመስመሩ ብለው አልጣሉም።

መስመሩ ባይጠበቅ ምን ይመጣ እንደነበር ደግሞ የረተን አል-ሂንዲ ነገር ያሳያል። ከሂጅራ ስድስት መቶ ዓመት አልፎ «ነቢዩን አይቻለሁ» ያለ ሰው ነበር፤ ሰሚም አላጣም። አዝ-ዘሀቢ ይህን የሚያፈርስ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከሶሓባ በመጨረሻ የሞቱት አቡ ጡፈይል በ100 ወይም በ110 ሂ. እንደሞቱ ስለሚታወቅ በሩ ተዘግቷል።

የወለጋ ሰው ይህን ስልት ለመረዳት የሚቸገር አይደለም። የገዳ ሥርዓት የቆመው በተቀራራቢ አሳብ ላይ ነውና። በገዳ ልጅ የሚገባበት እርከን የሚወሰነው በተወለደበት ዓመት ሳይሆን በአባቱ እርከን ነው፤ በአባትና በልጅ መካከል አምስት የስምንት ዓመት ገዳዎች፣ ማለትም 40 ዓመት ይቆጠራል። አባቱ በሽምግልና የወለደው ሕፃንና አባቱ በጉብዝና የወለደው ጎልማሳ በአንድ እርከን ሊቆሙ ይችላሉ። ኢብኑ ኸልዱንም የአንድን ትውልድ ዕድሜ 40 ዓመት አድርገው የመንግሥታትን ዕድሜ በሦስት ትውልድ መለካታቸው ይታወቃል። የቁጥሩ መገጣጠም ብዙ ሊያስደንቀን አይገባም፤ ከሁለቱ ለእኛ የሚጠቅመው የገዳው ነው፤ የሰው ትውልድ ከማን በኋላ በመምጣቱ እንደሚታወቅ ይነግረናልና።

በዚህ ዓይን ስናይ በአገራችን የተለመደው «ያ ትውልድ» የሚለው ስም ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገለጣል። ስሙ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለተማሪው ንቅናቄ ሰው ተሰጥቶ ለአንድ ዘመን ወጣት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት ተወልዶ በነጆ ወይም በቤጊ ከሸይኹ ፊት ሉሕ ይዞ የተቀመጠው ደረሳ ግን የዚያ ትውልድ ሰው አልነበረም። እንደ አል-አዕመሽና እንደ ኢብኑ ጁረይጅ፣ ዘመን አንድ ሆኖ ጦበቃ ሁለት ነው።

አሁን ወደ ወለጋ እንግባ። የመጀመሪያው ነገር የወለጋ እስልምና በአንድ በር የገባ አለመሆኑ ነው። በምሥራቁ በኩል፣ በሌቃ፣ በሩ የንግድ መንገድ ነበር። ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጊቤ አገሮች የሚወርደው ነጋዴ በቢሎ ገበያ ያርፍ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቢሎ የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር እንደነበረች የታወቀ ነው። በምዕራቡ በኩል፣ በአሶሳና በቤጊ፣ በሩ ሱዳን ነበር፤ ጀላባው ነጋዴና ፈቂው ከዚያ ይመጡ ነበር። አሶሳ እስከ ደርግ የመጨረሻ ዓመታት በወለጋ ክፍለ ሀገር ውስጥ አውራጃ ስለነበረች «የወለጋ ሙስሊሞች» የሚለው ስም ሁለቱንም ወገን ይጠቀልላል። ለሁለቱም አንድ አንደኛ ጦበቃ መፈለግ ግን የኩፋን ሰው በመዲና መዝገብ እንደ መፈለግ ይሆናል።

የቤተ መንግሥቱ ታሪክ በዚህ ላይ ሁለት ወፍራም መስመር ያሰምራል። በ1874 ዓ.ም. ከእምባቦ ጦርነት ጋር በተያያዘው ዓመት የነቀምቴው ሞረዳ በከሬ በራስ ጎበና በኩል ለምኒልክ ገቡ፤ በጥቅምት 1881 ዓ.ም. ጉቴ ዲሊ ላይ የማህዲስቶች ጦር ተሸነፈ። ሁለቱም ለአገሩ አስተዳደር ትልቅ ነገር ናቸው። የሞረዳ ልጅ ኩምሳ ተጠምቀው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ ነቀምቴም የክርስቲያን ገዥ ከተማ ሆነች። ይሁን እንጂ ጉቴ ዲሊ የዲን ትምህርትን ሰነድ ቆረጠ ማለት አይቻልም። የተሸነፈው ጦር ነው፤ መንገዱ አልተዘጋም። ማስረጃውም በዚያው የሱዳን መንገድ ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጡት አል-ፈቂ አሕመድ ዑመር ናቸው።

አል-ፈቂ አሕመድ ዑመር ትውልዳቸው ከቦርኖ፣ ከዛሬዋ ናይጄሪያ ነው። የቲጃኒያን ጦሪቃ በምዕራብ ኢትዮጵያ ያስፋፉ፣ በ1945 ዓ.ም. ገደማ ያረፉ፣ መቃብራቸው በያአ የሚገኝ ሸይኽ ናቸው። ከወለጋ፣ ከኢሉባቦርና ከጅማ ብዙ ሕዝብ ለዚያራ ይሄዳል። በዚያራው ጉዳይ ዑለማእ የሚለያዩበትን እዚህ አናነሣም፤ የእኛ ነገር የታሪክ ነው። ለምዕራብ ወለጋ ጦበቃ የሚሰመር መስመር ቢኖር ከ1966ቱ አብዮት ይልቅ የእርሳቸው መምጣትና ማረፍ ይበልጥ ይስማማል። ከእርሳቸው አፍ የቀሩ አንድ ጦበቃ ናቸው፤ ከእነዚያ የቀሩ ሁለተኛ። በ1945 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከሰማንያ አልፏል። የቤጊና የአካባቢው መምህራን የአቡ ጡፈይልን ዘመን እየኖሩት ነው ማለት ነው፤ ሸይኹን በዓይኑ ያየ ሰው በሕይወት ያለው ምናልባት በዚህ አሥር ዓመት ብቻ ነው።

በነቀምቴና በምሥራቁ መስመሩ ሌላ ነው። እዚያ ልጆች ቁርኣን በሰፈራቸው ቢቀሩም ከፍ ላለ ኪታብ ወደ ጅማ ወይም ወደ ወሎ፣ ወደ ዳናና ጋታን ወደ መሳሰሉት የትምህርት ማዕከሎች መውጣት የተለመደ ነበር። ስለዚህ ነቀምቴ ውስጥ አንደኛ ጦበቃ የሚባለው መጀመሪያ የሰፈረው ነጋዴ አይደለም፤ መጀመሪያ ሄዶ ቀርቶ ተመልሶ ያስቀራው ወይም ለማስቀራት መጥቶ የተቀመጠው ነው። ነጋዴው በሰፈራ ታሪክ ይቀድማል፣ በትምህርት ታሪክ ግን ላይቀድም ይችላል። የአነስ ኢብኑ ማሊክን ነገር ያነሣነው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሙኸድረሞቻችን ናቸው። ሙኸድረም በመሠረቱ ጃሂሊያንና እስልምናን የኖረ፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ያልተገናኘ ሰው ነው። ስሙን በውሰት ወስደን ሁለት የትምህርት ሥርዓት ላይ የቆሙትን መምህራን ብንጠራበት የሚያስቸግር አይመስለንም፤ ከሸይኽ ፊት ተቀምጠው በሉሕና በኪታብ የቀሩ፣ በኋላ በክፍልና በሰሌዳ በሚያስተምር መድረሳ ያስተማሩ ናቸው። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በእጃቸው ሲገባም ጎልማሶች ነበሩ። እነዚህን በግድ ወደ አንድ ወገን መክተት የብዙ ጠብ ምንጭ ነው፤ ወጣቱ «የድሮ» ይላቸዋል፣ ሽማግሌው «ዘመናዊ»። ኢብኑ ሐጀር ሙኸድረሞችን ከታላላቅ ታቢዒዮች ጋር በሁለተኛው ጦበቃ አስቀምጠው ሙኸድረም መሆናቸውን በየስማቸው አመልክተዋል። እኛም እንዲሁ ብናደርግ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የሰፋሪዎች ጉዳይ ነው። በ1977ቱ ድርቅና በተከታዩ ዓመት መንግሥት ከወሎ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ወደ ወለጋ አመጣ፤ ቄቶና አሶሳ ከታወቁት የሠፈራ ጣቢያዎች ናቸው። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ከሐረርጌ የመጡ ሌሎች ተጨመሩ። በቤተ መንግሥት አቆጣጠር እነዚህ ሁሉ «መጤ» ናቸው፤ በወለጋ የእስልምና ታሪክ ውስጥም በአንድ አንቀጽ፣ ያውም በድርቅ ርዕስ ሥር ይታለፋሉ። በጦበቃ አቆጣጠር ግን ከመካከላቸው ዳና ወይም ጋታ የቀራ ሸይኽ ቢኖር፣ በሠፈራ ጣቢያው የመጀመሪያውን ሐለቃ ቢዘረጋ፣ ለዚያች ቀበሌ አንደኛ ጦበቃ እርሱ ነው። ሰነዱም በአንድ እርምጃ ወደ ወሎ ዑለማእ ይደርሳል፤ በነባሩ ከተማ ያለው የብዙዎች ሰነድ ምናልባት በሁለትና በሦስት።

ይህን መመዝገብ ለነገ የሚባል አይደለም። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ከወሎ የመጡ ቤተሰቦችና ልጆቻቸው ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። ከሞተው ሰው ጋር ማን ማንን እንዳስቀራ የሚያውቅ ልብ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ከአካባቢው የተፈናቀሉት ደግሞ ሰነዳቸውን ይዘው በየአገሩ ተበትነዋል። ከአሁን በኋላ የወለጋን ጦበቃ የሚጽፍ ሰው ወለጋ ላይ ብቻ ተቀምጦ ሊጨርሰው አይችልም።

መዝጋቢ መምህራን አንድ ጥንቃቄ ቢያደርጉ እንወዳለን። ሽማግሌዎች ዓመት የሚቆጥሩት አንዳንዴ በሂጅራ፣ አንዳንዴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ሠላሳ ሦስት የጨረቃ ዓመት ወደ ሠላሳ ሁለት የፀሐይ ዓመት ስለሚሆን የሁለት ሸይኾች ቅድሚያ በዚህ ብቻ ሊገለበጥ ይችላል። የተነገረውን እንደተነገረ ጽፎ የአቆጣጠሩን ዓይነት አጠገቡ ማመልከት፣ ልወጣውን ለኋላ ማቆየት ይሻላል። ዓመቱ ቢጠፋ እንኳ የሸይኹ ስም፣ የኪታቡ ስም፣ የተቀራበት ቦታ ከተገኙ ጦበቃው ይታወቃል።

ከወሎ መጥቶ በወለጋ ያስቀራውን ሸይኽ በየትኛው አገር መዝገብ እናስገባው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ኢብኑ ሰዕድ ዓሊይን፣ ኢብኑ መስዑድንና (ረ.ዐ.) መሰሎቻቸውን በበድር ዘማቾች መዝገብ ካስገቧቸው በኋላ፣ ወደ ኩፋ ሲደርሱ በኩፋ የሰፈሩ ሶሓቦች ብለው እንደገና ጽፈዋቸዋል። ሁለት ጊዜ።